አምስተኛው ረድፍ

በረዶው ሲጀምር የሒሳብ መምህሩ አንድ ነገር ተናገረ፤ ምን እንዳለ ግን የሰማ የለም። የክፍሉ ክዳን ቆርቆሮ ነው። ከላይ ሆኖ በጆንያ ጠጠር የሚዘረግፍ ሰው ያለ ይመስል ነበር። መምህሩ ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ በመጨረሻ ጠመኔውን አስቀምጦ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ክፍሉ በሙሉ በደስታ ጮኸ። ጩኸቱም አልተሰማም።

አንዲት በረዶ የበሩ ደፍ ላይ ነጥራ ገባችና ተንከባልላ ከፊተኛው ዴስክ ሥር ቆመች። እዚያ የተቀመጠችው ልጅ ጎንበስ ብላ አነሳቻት። በረዶዋን የደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ አስቀምጣ ዙሪያዋን በእርሳስ ሳለች። ክቡን በማስመሪያ ለካችው። ሦስት ነጥብ ሁለት ሳንቲ ሜትር። ከጎኑ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈች።

«ሜትር!» አለቻት ጓደኛዋ ጆሮዋ ላይ ተለጥፋ እየጮኸች። «በረዶም ትለኪያለሽ? መታወቂያም አውጪላት እንጂ!»

ልጅቷን ቤትም ትምህርት ቤትም ሜትር ነው የሚሏት። አባቷ ጣሪያ ሠሪ ነው። ገና ድክ ድክ ስትል ጀምሮ የእሱን መለኪያ ሜትር እየጎተተች ድመቱን፣ ድስቱን፣ የእንግዳውን እግር ሳይቀር ትለካ ነበር። ጓደኛዋ ደግሞ ራዲዮ ትባላለች። ለምን እንደሆነ ጠይቆ የሚያውቅ የለም።

ሜትር ሳቀች። ዓይኗ ክቡ ላይ እንዳረፈ ግን ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። ሦስት ነጥብ ሁለት ከሦስት ነጥብ አምስት ያንሳል። ስለዚህ የአክስቷ ጣሪያ ምንም አይሆንም። ሠንጠረዡ እንዲያ ነው የሚለው። ሠንጠረዡን የጻፈችው ደግሞ ራሷ ናት።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ወር በፊት ለሳይንስ ትርኢት ሲዘጋጁ ነበር። «የትኛው ጣሪያ በረዶ ይችላል?» የሚለው ሐሳብ የሜትር ነው። ናሙናዎቹን የሰጠው አባቷ ነው፤ ስስ ቆርቆሮ፣ ወፍራም ቆርቆሮ፣ የሸክላ ክዳን፣ ብርሃን የሚያሳልፍ አዲስ ፕላስቲክ፣ ያው ዓይነት አሮጌ ፕላስቲክ። አምስት ናሙና፣ አምስት ረድፍ።

አሮጌውን ሲሰጣት ገልብጦ ጀርባውን አሳያት። አባቷ አንድ ልማድ አለው፤ ማንኛውንም ክዳን ከመምታቱ በፊት ጀርባው ላይ ዓመቱን በሚስማር ይጭራል። «ሰው ይዋሻል፣ ክዳን አይዋሽም» ይላል ሲጠይቁት። ይሄኛው ላይ የተጫረው የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነበር።

«የአክስትሽ ጣሪያ መንትያ ነው» አላት። «ባንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ገዝቼ ግማሹን እሷ ቤት፣ ግማሹን ሌላ ሰው ቤት መታሁት። ያኛውን ባለፈው ወር አውርጄዋለሁ። የአክስትሽ ግን እንደተሰቀለ ነው፤ እምቢ ብላኝ።»

የበረዶ ኳሶቹን ትንንሽ ፊኛ ውስጥ ውሃ ሞልተው በትምህርት ቤቱ ካፍቴሪያ ማቀዝቀዣ ሠሩ። የሳይንስ መምህሩ አንድ ነገር አስተካከለላቸው። «ከሰማይ የሚወርድ በረዶ ከፎቅ ከሚጣለው በጣም ይፈጥናል» አላቸው። «እናንተ ያላችሁ ሦስት ፎቅ ብቻ ነው። በፍጥነት ያጣችሁትን በክብደት ካሱት።» ሒሳቡን አብረው ሠሩ። ከሦስተኛ ፎቅ የሚጣል የአምስት ሳንቲ ሜትር ኳስ፣ ከሰማይ ከሚመጣ የሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል በረዶ ጋር የሚቀራረብ ጉልበት አለው።

ለእያንዳንዱ ናሙና አሥር ኳስ መደቡ። ራዲዮ ከላይ ትለቃለች፣ ሜትር ከታች ትመዘግባለች። ስሱ ቆርቆሮ እንደ ፈንጣጣ ፊት ጎደጎደ፣ ግን አልተበሳም። ወፍራሙ እምብዛም አልተነካም። ሸክላው በአራተኛው ኳስ ጠርዙ ላይ፣ ከሥሩ ድጋፍ በሌለው በኩል ተሰነጠቀ። አዲሱ ፕላስቲክ ኳሱን እንደ ከበሮ አንጥሮ መለሰው፤ አሥሩንም።

አምስተኛው ላይ ሲደርሱ መብራት ጠፍቶ አገኙት። ማቀዝቀዣው ከጠዋት ጀምሮ አልሠራም፤ የቀሩት ኳሶች ሟሙተው የድንች ቅርጽ ይዘዋል። ትርኢቱ በማግሥቱ ነበር።

«ያው ፕላስቲክ አይደል?» አለች ራዲዮ። «አዲሱ ከቻለ አሮጌውም ይችላል። አታካብጂ ባክሽ።»

ሜትር እስክሪብቶዋን ይዛ ትንሽ ቆየች። ባዶ ሣጥን አትወድም። አንድ ረድፍ ባዶ የሆነበት ሠንጠረዥ ለእሷ ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ነው። «አልተሰነጠቀም» ብላ ጻፈች። አንድ ቃል ነው። ጽሑፏ እንደ ወትሮው የሚያምር ነበር።

በማግሥቱ አባቷና አክስቷ አብረው መጡ። አክስቷ የአባቷ ታላቅ እህት፣ የሙሽራ ልብስ ሰፊ ናት፤ ልጆቹ እቴቴ ይሏታል። የምትሠራው ከዚያ ብርሃን ከሚያስገባው ፕላስቲክ ሥር ነው፤ «ነጭ ክር በነጭ ጨርቅ ላይ የሚታየኝ እዚህ ብቻ ነው» ትላለች። ሠንጠረዡ ፊት ቆማ መርፌ የለመደ ጣቷን አምስተኛው ረድፍ ላይ አሳረፈች።

«ይኸውልህ!» አለችው ወንድሟን። «ሁለት ዓመት ሙሉ ‹አውልቂው፣ አውልቂው› ስትል ራሴን አዞርከው። ልጅህ ለክታ ጽፋለች። በሰርግ ወቅት ማሽኔን በረንዳ ላይ ልታሰጣ ነበር!»

አባቷ ሠንጠረዡን ረጅም ጊዜ አየው። «እኔ በእጄ ነው የማውቀው፣ እትዬ። ፀሐይ የበላው ፕላስቲክ ስነካው ብስኩት ይመስለኛል» አለ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። «እሷ ግን ሞክራዋለች። ሞክረሽዋል አይደል?»

«አዎ» አለች ሜትር።

አባቷ ፈገግ አለ። የተሸነፈ ሰው እንዲያ ደስ ሲለው አይታ አታውቅም ነበር። «እንግዲህ የእጅ እውቀት ለወረቀት እጅ ሰጠ» አለ። ከዚያ ወዲያ ስለ አክስቷ ጣሪያ አላነሳም።

በረዶው የቆመው ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው። ሜትር ሌላ ክፍለ ጊዜ መኖሩን እያወቀች ቦርሳዋን አንስታ ሮጠች።

መንገዱ ነጭ ሆኗል። የዛፉ ቅጠል በሙሉ አስፋልቱ ላይ ነው። ማዕዘኑ ላይ ያለው ባለ ሸክላ ጣሪያ ቤት ሦስት ቦታ ተሸንቁሯል። የአንድ ቤት አሸንዳ በበረዶ ተደፍኖ ውሃው ወደ ግድግዳው ይወርዳል። ሜትር ይህን ሁሉ ሳትፈልግ ትመዘግባለች፤ ዓይኗ ልማዱን አልተወም። የአክስቷ ቤት ቆርቆሮ ከሩቅ ታያት። ጎድጉዷል እንጂ አልተበሳም። መሐሉ ላይ፣ ፕላስቲኩ በነበረበት ቦታ ግን አራት ማዕዘን ጥቁር ቀዳዳ ነበር።

አክስቷ ቤት የለችም። ጎረቤት ክሊኒክ ወስዷታል። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው።

ሜትር ገባች። ወለሉ ላይ የተረፈረፈው ስብርባሪ ቢጫ ነበር፤ ስትረግጠው ደረቅ ድምፅ ያሰማል። ልክ እንደ ብስኩት። የማሽኑ ጠረጴዛ ላይ የሙሽራዋ ቀሚስ ተዘርግቷል። አክስቷ ስድስት ሳምንት ሙሉ ዶቃ በእጇ ስትሰፋበት የከረመችው ነው። ሰርጉ እሑድ ነው። የዘጠኝ ዓመት አቧራና ዝገት ያጠበው ውሃ ደረቱ ላይ ወርዶ ነጩን ቡናማ አድርጎታል። ከወገቡ በታች ደግሞ ሌላ ቀለም ነበር። ሜትር መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባትም። ደም ነው።

አመሻሹ ላይ ሁሉም እዚያው ተሰበሰቡ። አባቷ ጣሪያ ላይ ሆኖ ሸራ ይወጥራል። አክስቷ የቀኝ አውራ ጣቷን ልክ እንደ ትንሽ ሕፃን በነጭ ፋሻ ጠቅልላ ከፊቷ አስቀምጣዋለች። ቀሚሱን ልትሸፍን እጇን ስትዘረጋ ነው ስባሪው የወደቀባት።

«አምስት ቦታ ተሰፋሁ» አለች። «ስንት ዘመን ስሰፋ ኖሬ ዛሬ ደግሞ በተራዬ! አሰፋፉን ብታዩት ግን ያሳፍራል። እኔ ብሆን እንዲህ ያለ ሥራ ከቤቴ አላስወጣም።»

ጎረቤቶቹ ሳቁ። ሜትር መሳቅ አልቻለችም። ሐኪሙ ለአንድ ወር መርፌ እንዳትይዝ አዟታል። የሙሽራዋ እናት መጥታ ቀሚሱን አይታ፣ ጨርቁን ዳስሳ ሄዳለች። ሌላ ልብስ ሰፊ ይፈልጋሉ። የሰርግ ወቅቱ ደግሞ ገና መጀመሩ ነው።

«ወንድምሽ ስንት ጊዜ ነገረሽ» አሉ አንዲት ጎረቤት። «ሳይቃጠል በቅጠል ነበር።»

አክስቷ ጤነኛ እጇን ሜትር ትከሻ ላይ ጣለች። «የለም! ልጄማ ለክታ ነበር የነገረችኝ። በረዶው ነው ከልክ ያለፈው። እንቁላል እንቁላል የሚያክል ነበር። ይህን ሰማይ ያመጣው ነው፤ የማንም ጥፋት የለበትም።»

ከላይ የመዶሻው ድምፅ ቆመ። ቀጠለ።

ሜትር ቦርሳዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ቦርሳዋ ውስጥ፣ የደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ እንቁላል የማያክል ክብ ነበር።

በማግሥቱ እረፍት ሰዓት ለራዲዮ ነገረቻት። ራዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም አለች። ከዚያ ግን ጣቢያዋ ተመለሰ።

«ስሚኝ። እቴቴ ራሷ በረዶው ትልቅ ነበር ብላለች አይደል? በቃ፣ ትልቅ ነበር። ማን ይለካዋል? ቀልጧል እኮ!»

«እኔ ለክቼዋለሁ።»

«አንቺን ማን ለኪ አለሽ!» ራዲዮ ራሷን ያዘች። «ደሞ መምህሩ ሠንጠረዡን ሰኞ ለውድድር ሊልከው ነው። ሌላ ትምህርት ቤት ሁሉ ሊያየው ነው። አሁን ‹አንዱን ረድፍ ከጭንቅላታችን ነው ያወጣነው› ብንል አራቱም ውሸት ነው የሚሉን። ፋራ አትሁኚ። የእቴቴ ጣት በወሬ አይድንም።»

የመጨረሻው አባባሏ እውነት ነበር። ሜትር ቀኑን ሙሉ አገላበጠችው። ብትናገር የአክስቷ ጣት አይድንም፤ ቀሚሱ አይነጣም። ዝም ብትል የሚጎዳ ሰው የለም። የሚጎዳ ሰው የለም? በየቤቱ ስንት ቢጫ ፕላስቲክ እንደተሰቀለ ቆጥራ አታውቅም። በዚያ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቆጠረች። አሥራ ሰባት። አሥራ ስምንተኛው መዋዕለ ሕፃናቱ በረንዳ ላይ ነበር።

ቤት እንደደረሰች የአባቷን መጋዘን ከፈተች። ያ አሮጌ ናሙና ከሁለት ወር በፊት ከበሩ ኋላ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር ያስቀመጠችው። ዛሬ ፊቱ ወደ ውጭ ዞሯል። አቧራው ተጠርጓል። አንድም የኳስ ምት ምልክት የሌለበት ሙሉ ክዳን።

አባቷ ለአክስቷ ጣሪያ ሚስማርና ሸራ ሊወስድ ትናንት ገብቶ ነበር። አይቶታል።

እራት ላይ ስለ ናሙናው አላነሳም። ዳቦ አቀበላት፣ ስለ አሸንዳ አወራ፣ ቀና ብሎ ግን አላያትም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከማዕድ ሲነሳ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው «እኔም እኮ እጄ እያወቀ ነው ዝም ያልኩት» አለ። ሜትር ያንን ቃል ስታስበው ከሁሉም የከፋው እሱ ሆነባት። አባቷ ሃያ ዓመት ያመነውን እጁን ስለ እሷ ሲል አላመነም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ናሙናውን በጀርባዋ አዝላ ትምህርት ቤት ሄደች። ዘበኛው «የምን ጣሪያ ተሸክመሽ ትዞሪያለሽ፣ ቤት ልትሠሪ ነው?» ብሎ ቀልዶባት አስገባት። ሐሙስ ማታ የሠራቻቸውን አሥር ኳሶች በፌስታል ይዛለች። ክዳኑን ያው የድሮው የእንጨት ፍሬም ላይ በሚስማር አያያዘችው። ቀና ስትል ራዲዮ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆማለች።

«ማን ነገረሽ?»

«አባትሽ» አለች ራዲዮ ከላይ። «ትናንት መጥቶ ‹ኳስ የሚለቅ ሰው ያስፈልጋት ይሆናል› አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ደግሞ እንዳታካብጂው፤ ስሜ አብሮ ተጽፏል አይደል? ኳሱን አምጪ።»

ሜትር ኳሶቹን አድርሳላት ወረደች። ደብተሯን ከፈተች። ረድፍ አምስት። ኳስ አንድ።

ራዲዮ ለቀቀች።

ድምፁ ትንሽ ነበር። ሜትር ትልቅ ነገር ጠብቃ ነበር፤ የሰማችው ግን ሳህን ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት አጭር ድምፅ ነው። ኳሱ ክዳኑን አልፎ መሬት ላይ ተበተነ። ፕላስቲኩ መሐል ላይ ተፈርክሶ ስባሪዎቹ በፍሬሙ ውስጥ ወደቁ። ሁለተኛ ኳስ አላስፈለገም። ሦስት ደቂቃ ነው የፈጀው። ከሁለት ወር በፊትም ቢሆን ከዚህ የበለጠ አይፈጅም ነበር፤ መብራቱ የመጣው በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ነው። ኳስ ሠርተው ማለዳ ሊሞክሩ ይችሉ ነበር። ይህን እስካሁን ለራሷም አልነገረችውም።

«በመጀመሪያው ኳስ ተሰበረ» ብላ ጻፈች። ጽሑፉ የዚህን ጊዜ አላማረም።

ራዲዮ ከላይ ወርዳ ስብርባሪውን ለረጅም ጊዜ አየች። «ሰኞ መምህሩ ጋ አብረን ነው የምንገባው» አለች በመጨረሻ። «እቴቴ ጋስ?»

«እቴቴ ጋ ብቻዬን።»

አክስቷ ቤት ሸራው ከላይ በነፋስ እፍ እፍ ይላል። ክፍሉ ጨልሟል፤ ማሽኑ በአንሶላ ተሸፍኗል። አክስቷ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ጭኗ ላይ አድርጋ ግራ እጇን መርፌ ልታስለምድ ትሞክራለች። የሰፋችው መስመር የሰከረ ሰው መንገድ ይመስላል።

«ነይ የኔ ሜትር፣ ነይ» አለች ሳትነሳ። «እስቲ ይህንን ለኪልኝ፤ ስንት ቦታ እንደተጣመመ ቁጠሪልኝ። አባትሽ አየውና የዝንብ እግር ነው አለኝ። ምን ይዘሽ ነው ደግሞ?»

ሜትር በፌስታል የያዘችውን ቢጫ ስባሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ዓመቱ የተጫረበትን ጎን ወደ ላይ አደረገችው። ከጎኑ ደብተሯን የመጨረሻው ገጽ ላይ ገልጣ አኖረችው። በእርሳስ የተሳለው ክብ በዚያ ጭላንጭል ውስጥም ይታይ ነበር። አክስቷ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። ዓይኗን ከክቡ ወደ ልጅቷ አነሳች።

ሜትር አልተቀመጠችም። እጆቿን ወደ ኋላ አጣመረች።

«እቴቴ» አለች፣ «የዚያን ቀን በረዶ እንቁላል አያክልም ነበር።»